ባለ ነጭ ጢሙ ምን አለ?

አባቴ የድብድብ ፊልም ሲያይ ተደባዳቢዎቹን አያይም ነበር። ዓይኑ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ፣ ወንበር ሲሰበር፣ ሰው በመስኮት ሲወረወር፣ እሱ ከኋላ ተደርድረው የሚያዩትን በጣቱ እየጠቆመ፣ «እነዚህ ምን ሆነው ነው የቆሙት? አገሩ ገላጋይ የለውም እንዴ?» ይለኛል።

ምን ብዬ ልመልስ? የቻይና ፊልም ነው፤ ገላጋይ ከገባ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ይህን ብነግረውም አይዋጥለትም። እሱ ባደገበት የጎንደር መንደር ሁለት ሰው ዱላ ከተማዘዘ ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መሃል ይገባል። ቆሞ ያየ ከተደባዳቢዎቹ እኩል ይወቀሳል። በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳም ከዚያ የመጣ ነው። ጎረምሳ ሳለ ሁለት ወንድማማቾችን ሊገላግል ገብቶ፣ ለአንደኛው የተሰነዘረው ዱላ እሱ ላይ አረፈ። ወንድማማቾቹ ደሙን ሲያዩ ደንግጠው ጠባቸውን ረሱት። ይህን ሲያወራ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣ ደስም ይለዋል።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሠፈር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሠፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። እሱ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ሥራ ትቷል። ጠዋት ይጸልያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ የአገራችንን ቅመምና ዘፈን ከሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ የፊልም ዲስክ ገዝቶ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ፊልም በስልኩ ማየት በጀመረበት ዘመን እሱና ባለሱቁ ብቻ ዲስክ ላይ የቀሩ ይመስለኛል። የሚመርጠው በሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ላይ ሽማግሌ ካለበት ይገዛዋል።

እኔ እግሬ አብጦ ስገባ ሁለቱ ወንበሮች ቴሌቪዥኑ ፊት ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። «ነይ ልጄ፣ ሳልከፍተው ነው የጠበቅሁሽ» ይላል። ደግነቱ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ፊልሙ የሚናገረው በቻይንኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው በዕብራይስጥ። አባቴ የሥራ ቦታ ዕብራይስጥ አለው፦ ና፣ ሂድ፣ አንሳ፣ ደግሞ ቤሴደር፣ «እሺ፣ ደኅና» እንደማለት። ማንበብ ግን አይችልም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌ አያርፍም። ይኼኛው ምን አለ? ያኛውስ ምን መለሰለት? ሴትየዋ ለምን አለቀሰች?

መጀመሪያ ላይ በታማኝነት ነበር የማነብለት። እሱም በየፊልሙ የየአገሩን ሰው ይመዝን ነበር። ቻይናዎቹን ይወዳቸዋል፣ ከመደባደባቸው በፊት እጅ ይነሳሳሉና። «ጠባቸው እንኳ ደንብ አለው» ይላል። መብረራቸው ምንም አልመሰለውም። የገረመው አሥር ሰው አንዱን ከብቦ ተራ በተራ መግጠሙ ነው። እኔ በዚህ ስስቅ እሱ ተቆጣኝ፦ «ምን ያስቅሻል? አሥር ሆኖ አንድ ሰው ላይ መረባረብ ነውር ስለሆነ ነው!» እንዲያ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

የጃፓን ፊልም አንድ ጊዜ አየን። ሁለት ሰዎች ሣር መሃል ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። ነፋስ ይነፍሳል፣ አይንቀሳቀሱም። አባቴ እስትንፋሱን ይዞ ወደ ፊት ተጠጋ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰይፍ ብልጭ አለና አንደኛው ወደቀ። የገደለው ሰይፉን ጠረገ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። «ይኼ ሰው ያደረገውን ያውቃል» አለ አባቴ። የሚናገር ስላልነበረ እኔን ምንም አልጠየቀኝም፤ ከሁሉም በላይ የገባውም ያ ፊልም ነው።

አሜሪካኖቹ ናቸው ያስቸገሩኝ። እጅ መንሳት የለ፣ ከኋላ ይመታሉ፣ ገዳዩ ሬሳው ላይ ቆሞ ቀልድ ይናገራል። አባቴ «ምን አለ?» ሲለኝ ቀልዱን መተርጎም አቃተኝ። ሰው ሞቶ እንዴት ይቀለዳል ብሎ ሊያዝን ነው፣ ከዚያ ለቅሶው የት አለ፣ ማን ቀበረው ሊለኝ ነው። «ነፍስ ይማር አለ» አልኩት።

«እሱስ ደግ አደረገ። ታዲያ ለምን ይስቃል?»

«ፈረንጅ ሲያዝን እንዲህ ነው፣ አባባ።»

ራሱን ነቀነቀና ተቀበለኝ። የመጀመሪያዋ ውሸቴ ይህች ናት። ወጥ ቤት ገብቼ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ።

ትልቁ ውሸት የመጣው በሌላ ማክሰኞ ነው። ሁለት ጎረቤት ቤተሰቦች የሚጫረሱበት የቻይና ፊልም ነበር። መሃሉ ላይ ነጭ ጢሙ ደረቱ ድረስ የወረደ አንድ ሽማግሌ ከኮረብታ ወርዶ መጣና በአንደኛው ቤት ልጆች መሃል ተቀመጠ። አባቴ ቀጥ ብሎ ተነሳ። «ይኼ ማነው? ምን አለ?»

ከሥር የተጻፈውን አነበብኩት። ሽማግሌው ለልጆቹ ከዚያ ቤት አንድ ሰው እንዳያስተርፉ፣ ሕፃኑንም እንዳይተዉ ነበር የሚነግራቸው። ከንጋት ጀምሬ ቆሜ ውያለሁ፣ ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ነው፣ የአባቴ ፊት ደግሞ ተስፋ ሞልቶበት ወደ እኔ ዞሯል።

«ገላጋይ ነው» አልኩ።

«ተመስገን! አላልኩሽም? ሰው ካለ ሽማግሌ አይጠፋም። እኮ ምን አለ?»

«"ተያዩ እስቲ። ከእናንተ አንዳችሁ ሌላውን ልትቀብሩ ነው። የምትቀብሩትን ሰው ፊት ዛሬ በደንብ እወቁት" አላቸው።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባቴ ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ጦርነቱ ሲብስ «አልሰሙትም» አልኩት። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ልጅ ሽማግሌው እግር ላይ ሲወድቅ፣ ስለ በቀሉ ሊያመሰግነው ነበር፤ እኔ ግን «ባለመስማቴ ማረኝ ይለዋል» አልኩ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ራሱ አጠፋና የሽማግሌውን ቃል ለራሱ እንደገና ደገመው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ረክቶ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ጣመኝ። እውነቱን ልናገር፣ ድካም ብቻ አልነበረም፤ ጎበዝ ነበርኩ። አንድ ዓመት ያህል በየፊልሙ ሽማግሌ ሾምኩ። ጢም ያለው ሁሉ አስታራቂ ሆነ፣ የሚሳደብ ሁሉ ይመክራል፣ የሚዝተው ዋስ ይጠራል። ሥራ ላይ ካርቶን እያሸግሁ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ንግግር አዘጋጅ ነበር። አባቴ «ምን አለ?» ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ እቀጥላለሁ። የሚጎዳው ሰው አልታየኝም።

አባቴ ግን ፊልሙን ለመዝናናት ብቻ አልነበረም የሚያየው። ሽማግሌ ነው። ሰው ሲጣላ እሱን ነው የሚጠሩት። እዚህ አገር የሱን ዕብራይስጥ የሚሰማ ቢሮ የለም፣ የሚያስፈልገው ፋብሪካም የለም። ሰው ቤት ተጠርቶ፣ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «እስቲ አንቱ ይናገሩ» ሲባል ግን ሙሉ ሰው ይሆናል። የቀረው ይህ ብቻ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ለዕርቅ ተጠራ። ከጦሩ በቅርብ የወጣ፣ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ እዚሁ የተወለደ አንድ ወጣት ባል፣ ግብዣ ላይ ከሚስቱ ወንድም ጋር በቡጢ ተማትቶ ነበር። ሚስቲቱ ተናዳ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ጉልበቱ ስለሚያመው ደግፌ ወደዚያው ቤት ወሰድኩት። ሳሎኑ ውስጥ ሁለቱ ወጣቶች ጀርባ ሊሰጣጡ ምንም አልቀራቸውም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን ያያሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ መጠጥ እቀዳለሁ። በመጨረሻ አባቴ ተራው ደረሰ።

«ቻይና አገር ሁለት ቤት ተጣላ» ብሎ ጀመረ።

እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ ማስቀመጫ አጣሁ።

ድምፁ ያምር ነበር። ቀና ብለው አዩት፣ ስልኩም ተቀመጠ። ኮረብታውን ነገራቸው፣ ጢሙን ነገራቸው፣ እኔ የሰጠሁትን ቃል አንድም ሳያጎድል አስቀመጠው፦ «"የምትቀብሩትን ሰው ፊት ዛሬ በደንብ እወቁት" አላቸው። እናንተም ተያዩ፣ ልጆቼ።»

ባልየው መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ሊይዘው ሞከረና አቃተው።

«አባባ፣ ስሊኻ፣ ይቅርታ... እኔ ይህን ፊልም በልጅነቴ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው እኮ ክፉው ነው! "ሕፃኑንም አትተዉ" ነው ያለው። ሁሉንም ያስጨረሰው እሱ ነው። በኤሜት፣ እውነቴን ነው።»

የሚስቲቱ ወንድም፣ ሊያናግረው ቀርቶ ሊያየው ያልፈለገው ሰው፣ ሳቁ አመለጠው። «ናኾን፣ ልክ ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ» አለ። ሁለቱ ተያዩና አንድ ላይ ሳቁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሚስቲቱ እንኳ በሻሿ ተሸፍና ሳቀች።

አባቴ አልሳቀም። ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየ። መሬት መሬቱን አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባው።

«እኔ ነኝ አጣምሜ የተረጎምኩለት» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አፌ ውስጥ ነበረች፣ አልወጣችም። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ዓይኔ ደክሟል ልጆቼ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት» አላቸው።

ሁለቱ በዚያው ታረቁ። ተቃቀፉ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳሙ፣ ሚስቲቱም ቤቷ ገባች። አባቴ አሁንም ለሌላ ሰው የመጣ ዱላ አርፎበት ሰው ታረቀ። የዚህኛው ዱላ ባለቤት ግን እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ትንፋሹን ሊያሳርፍ ሲቆም ጠየቀኝ።

«ስንቱን ነው እንዲህ የቀየርሽው?»

«ጥቂቱን ነው፣ አባባ።»

«እሺ» አለ። ሁለት ደረጃ ወጣና እንደገና ቆመ። «የእናትሽስ? ያኔ ሆስፒታል ሮፌው የነገረሽ... ለእኔ የነገርሽኝ ያንኑ ነበር?»

ያንኑ ነበር። በሕይወቴ አንድ ነጥብ ሳልቀይር የተረጎምኩት እሱን ነው፤ ከባድ ነበር፣ እያለቀስኩ ነው ሐኪሙ ያለውን ሁሉ የነገርኩት። «ያንኑ ነበር» አልኩ። ድምፄ ግን የቅድሙ ውሸት ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ከየት ላምጣ? አሁንም «እሺ» አለኝ።

በማግስቱ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ባልየው መጥቶ ጉልበቱን ሳመው። በመሳቄ ይቅር በለኝ አለው። አባቴ አነሳው። «እውነት ነው የተናገርከው፤ ምን አጠፋህ?» አለው። ለዕርቅ ሲጠሩት ግን ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ሰበብ እያደረገ ሌላ ሰው ይልክ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ፊልሙ ቀጠለ። ወንበሬም እንደ ድሮው ይዘጋጃል። ድምፁን ግን አጥፍቶ ነው የሚያየው፣ ጥያቄ የለም። እኔ አሁን አንዲት ፊደል ሳላስቀር ላነብለት ዝግጁ ነኝ። «አባባ፣ እንዲህ እያለ ነው...» ስለው፣ «ተይው ልጄ፣ ድክም ብሎሻል። እጃቸውን እያየሁት ነው» ይላል። ጭራሽ ተቆጥቶ ቢሰድበኝ በወደድኩ። አይቆጣም፣ ያዝንልኛል።

ከወራት በኋላ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት። መርፌ ወጉት፣ ናሙና ወሰዱ፣ ውጤቱን ለመስማት ሠፈራችን ያለው ክሊኒክ፣ ኩፓት ሆሊም፣ አብረን ገባን። ሮፌው ወረቀቱን አይቶ ፈጠን ባለ ዕብራይስጥ ተናገረ። ክፉ ነገር የለም፣ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ይታይ፣ በቃ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ሳላሳምር።

እሱ እኔን አያይም ነበር። የሮፌውን እጅ ነበር የሚያየው። ሮፌው ወረቀቱን አጥፎ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ወደ ሰዓቱ ተመለከተ። «ሃኮል ቤሴደር፣ ሁሉ ደኅና» አለው ለአባቴ፣ ጮክ ብሎ። ያችን አባቴ ያውቃታል፤ ግን እዚህ አገር ቤሴደር የማይባልለት ነገር የለም፣ በሩን ሲዘጉብህም ቤሴደር ነው።

«እሺ ልጄ» አለኝ። «እግዜር ይስጥሽ።» ደግሞም እጄን መታ መታ አደረገው፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚባበል።

እንዳላመነኝ የገባኝ ቤት ስንገባ ነው። ዲስኮቹን በካርቶን ሰብስቦ ለጎረቤት ልጆች ሰጠ። ሌላ ከተማ ያለችው እህቱ ጋ ደውሎ፣ የተቀየምሽኝ ነገር ካለ ማሪኝ አላት። ከእናቴ መቃብር አጠገብ ክፍት ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። «አባባ፣ ንጹሕ ነህ አልኩህ እኮ! ደኅና ነህ!» ብዬ ጮህኩበት። ወረቀቱን አምጥቼ እያሳየሁ አነበብኩለት። «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አለኝ፣ በደግነት። እኔን እያስተዛዘነ ነበር። ሊሞት ነው ብዬ ሳይሆን ልሞት ነው ብሎ ስላመነ፣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ወንበሮቹ አልተዘጋጁም፣ እሱም የለም። ሠፈሩን ስዞር ኩፓት ሆሊም በር ላይ አገኘሁት። ያ በሳሎን የሳቀበት ወጣት ባል ክንዱን ደግፎ ደረጃውን ያወርደዋል። ወጣቱ ሲያየኝ አንገቱን ሰበረ።

«አል ቲኻአሲ፣ አትቀየሚኝ» አለኝ በዝግታ። «እሱ ነው ተርጉምልኝ ብሎ የጠራኝ። አንቺ እንዳትሰሚም አለኝ። ሮፌውን ሦስት ጊዜ አስጠየቀኝ። ከዚያ እኔን በሚስቴ አስማለኝ።»

አባቴ ግን አልደነገጠም፣ አላፈረምም። ከእኔ የደበቀው መሆኑን እንኳ የረሳ ይመስለኛል። ሁለቱንም እጆቼን ያዘ። ፊቱ በርቷል፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሮፌው ፊት ተቀምጬ የጠበቅሁት ፊት ነው።

«ልጄ፣ ስሚኝማ» አለ። «ደኅና ነኝ! ሮፌው ነው ያለው። ክፉ ነገር የለም አለ። ከዓመት በኋላ ተመለስ አለኝ።»

ቃል በቃል እኔ የነገርኩት ነበር። ወጣቱ ወደ መንገዱ ዞረ።

«እሰይ፣ አባባ» አልኩት። «እንኳን ነገርከኝ።»